የተጣሉበት ፊልም፣ ያልተጣሉበት ሙዚቃ

ትንሹ ፒፒን ማንም ሳያየው ወደ ላይ ይወጣል። አናቱ ላይ ደመራ የመሰለ የእንጨት ክምር አለ። እሳት ይለኩስበትና ይሾልካል። ትንሽ ቆይቶ ሩቅ ተራራ ላይ ሌላ እሳት ብልጭ ይላል። ከዚያ ወዲያ ደግሞ ሌላ። ካሜራው በበረዶ በተሸፈኑ ጫፎች ላይ እየበረረ ከአንዱ እሳት ወደ ሌላው ይሻገራል። ንግግር የለም ማለት ይቻላል። ያለው ሙዚቃ ነው፤ በእያንዳንዱ እሳት አንድ ደረጃ ከፍ የሚል ሙዚቃ።

«የቀለበቶቹ ጌታ»ን ሦስተኛ ፊልም ያየ ሰው ይህን ትዕይንት አይረሳውም። መጽሐፉን ገልጦ ለፈለገው ግን አያገኘውም። እዚያ አስማተኛው ጋንዳልፍና ፒፒን በሌሊት ሲጋልቡ እሳቶቹ ቀድመው ተለኩሰው ያዩአቸዋል። ጋንዳልፍ የተራሮቹን ስም ይጠራል፣ ፈረሱ መንገዱን ይቀጥላል፣ በቃ። ጥቂት መስመር ነው። ደግሞ እሳቱ የጎንዶር አገር የእርዳታ ጥሪ ነው፤ በመጽሐፉ የአገሪቱ ገዢ ዴነቶር «እርዳታ አልጠራም» ብሎ የሚያኮርፍ ሰው አይደለም። ፊልሙ ነው እልኸኛ አድርጎት እሳቱን በስርቆሽ ያስለኮሰው።

የዚህ መጽሐፍ ወዳጆች ደግሞ እንዲህ ያለውን ለውጥ በዝምታ የሚያልፉ አይደሉም። የአንድ ፈረስ ስም ቢሳሳት የሚሟገቱ ሰዎች ናቸው። እዚህ ትዕይንት ላይ ሲደርሱ ግን አብዛኞቹ ሙግቱን ትተው ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። ምን ነካቸው?

ከመጽሐፉ ልጀምር። ዓመታቱን የምጠራው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። ጄ.አር.አር. ቶልኪን የኦክስፎርድ ፕሮፌሰር፣ የድሮ ቋንቋዎች ሊቅ ነበር። «የቀለበቶቹ ጌታ» በ1954 እና በ1955 በሦስት ቅጽ ወጣ። ታሪኩ ፍሮዶ የሚባል ሆቢት (ሆቢቶች ቁመታቸው ያጠረ ሕዝብ ናቸው፣ ፒፒንም ከነሱ ነው) የያዘውን ሁሉ የሚያሳብድ ክፉ ቀለበት ሊያጠፋ የሚጓዝበት ነው። ሰውየው ልብ ወለድ ጽፎ ለማሳመር ብሎ ቋንቋ አልፈጠረም። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። መጀመሪያ ቋንቋዎቹን ፈጠረ፣ ከዚያ የሚናገራቸው ሕዝብና የሚኖሩበት ዓለም አስፈለገው። ይቺን ነገር ያዙልኝ፣ ወደ ሙዚቃው ስንደርስ ትጠቅመናለች።

ፊልም የሚለው ሐሳብ ገና በሕይወት እያለ ነው የመጣበት። በ1950ዎቹ መጨረሻ አሜሪካውያን የፊልም ዕቅድ ጽፈው ላኩለት። መልሱ ረጅምና የተናደደ ደብዳቤ ነበር። ከቅሬታዎቹ አንዱ ግዙፎቹን ንስሮች ያለቦታቸው እያመጡ ሰው ማጓጓዣ ማድረጋቸው ነው። ከአሳታሚው ጋር የተስማሙበት አቋም ግን በጣም ያስቀኛል። ወይ ጠርቀም ያለ ገንዘብ ስጡንና የፈለጋችሁትን አድርጉ፣ ወይ ደግሞ ገንዘቡ ይነስና ያልወደድኩትን የመከልከል መብት ይኑረኝ ነው ነገሩ። በ1969 መብቱ ለዩናይትድ አርቲስትስ ተሸጠ። በ1978 አንድ የአኒሜሽን ፊልም ወጣ፤ ታሪኩን ግማሽ ላይ አደረሰና ቀረ።

ከዚያ ኒውዚላንዳዊው ፒተር ጃክሰን መጣ። ሦስቱን ፊልሞች በአንድ ላይ ከ1999 መጨረሻ ጀምሮ በኒውዚላንድ ቀረጻቸው። በ2001፣ በ2002 እና በ2003 ታኅሣሥ ታኅሣሥ ላይ አንድ በአንድ ወጡ። ሦስተኛው በ2004 የኦስካር ምሽት ለ11 ሽልማት ታጭቶ 11ዱንም ወሰደ። ጠቡ ግን ከቀረጻው ጀምሮ ነበር።

መጀመሪያ የተነሣው በአርዌን ነው። በመጽሐፉ አርዌን ብዙ የማትታይ፣ ከሩቅ የምትወደድ የኤልፎች፣ ማለትም ዕድሜ የማይነካቸው ውብ ፍጥረታት፣ ልዕልት ናት። ተዋናይቷ ሊቭ ታይለር ሰይፍ ይዛ በጦርነቱ ልትዋጋ ነው የሚል ወሬ ከቀረጻው ሲሾልክ አንባቢው በአንድ እግሩ ቆመ። በዚያን ዘመን «ዜና» የምትባል ተዋጊ ሴት በቴሌቪዥን ታዋቂ ነበረችና «ዜናርዌን» የሚል ቅጽል አወጡላት። የተቀረጸው የውጊያ ትዕይንት በኋላ ከፊልሙ ወጣ። በመጀመሪያው ፊልም ላይ ግን ቁስለኛውን ፍሮዶ በፈረስ ይዛ ስትጋልብ ትታያለች። በመጽሐፉ ፍሮዶን በፈረሱ የሚያስቀምጠው ግሎርፊንደል የሚባል ሌላ ኤልፍ ነው። ፍሮዶም ወንዙን የሚሻገረው ብቻውን ነው።

ቶም ቦምባዲልም አለ። በጫካው እየዘፈነ የሚዘል፣ ቀለበቱ ምንም የማያደርገው ግራ የሚያጋባ ሽማግሌ። ፊልሙ ጭራሽ አላነሣውም። በመጽሐፉ መጨረሻ ደግሞ ሆቢቶቹ አገራቸው ሻየር ሲመለሱ ዛፉ ተቆርጦ፣ ሰፈሩ በክፉዎች ተይዞ ያገኙትና ራሳቸው ተዋግተው ነጻ ያወጡታል። ፊልሙ ላይ ሻየር እንደተዉአት ትጠብቃቸዋለች። ቶልኪን ይህ ምዕራፍ ከመነሻው የታሰበ፣ የታሪኩ አንድ አካል እንደሆነ በመግቢያው ላይ ጽፎ ነበር። ስለዚህ የተቆጡት ሰዎች ማስረጃ አላቸው።

ለእኔ ግን ትልቁ ጉዳይ ፋራሚር ነው። በመጽሐፉ ፋራሚር ፍሮዶን ጫካ ውስጥ ይይዘዋል። ስለ ቀለበቱ ያውቃል። ታላቅ ወንድሙ ቦሮሚር የወደቀበትን ፈተና እሱም በእጁ አግኝቶታል። እሱ ግን ነገሩ መንገድ ላይ ወድቆ ባገኘው እንኳ እንደማያነሣው ይናገራል፤ ቃሉንም ይጠብቃል። በፊልሙ ፋራሚር ፍሮዶን አስሮ ወደ ፈራረሰችው ኦስጊሊያዝ ይጎትተዋል፣ በመጨረሻው ሰዓት ነው የሚለቀው።

የፊልሙ ደራሲዎች ምክንያታቸውን አልደበቁም። ቀለበቱ ማንንም ያሳብዳል ብለህ ተመልካቹን ስታስፈራራ ቆይተህ አንድ ሰው መጥቶ «አልፈልግም» ካለ ፍርሃቱ በአንዴ ይተናል። ደግሞ የትልቋ ሸረሪት ትዕይንት ወደ ሦስተኛው ፊልም ስለተዛወረ ሁለተኛው የሚያልቅበት ውጥረት አስፈለገው። ለፊልም ሥራ እውነት ነው። ግን አንባቢው የሚለው ሌላ ነው። ፋራሚርን የወደድነው የማይወድቅ ሰውም እንዳለ ስላሳየን ነው። ቶልኪን ራሱ ከገጸ ባሕርያቱ እኔን የሚመስል ካለ ፋራሚር ነው ብሎ በደብዳቤ ጽፏል። እዚህ ላይ እኔ ከአንባቢዎቹ ጎን ነኝ። የፊልሙን ፋራሚር ባየሁ ቁጥር ይከነክነኛል።

የቶልኪን ልጅ ክሪስቶፈር፣ የአባቱን ወረቀቶች ዕድሜውን ሙሉ ሲያሰናዳ የኖረው ሰው፣ ከሁሉም የባሰ ነበር። በ2012 ለፈረንሳዩ ለ ሞንድ ጋዜጣ በሰጠው ቃለ ምልልስ ፊልሞቹ የመጽሐፉን ሆድ ዕቃ አውጥተው ለወጣት የሚሆን የድብድብ ፊልም አደረጉት ሲል አማረረ።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ቁጣ አስቡት። በዚህ ሁሉ መሐል ግን ሙዚቃውን የሚያጣጥል ለማግኘት ሻማ ይዞ መዞር ያስፈልጋል።

አቀናባሪው የቶሮንቶው ሃዋርድ ሾር ነው። ከዚያ በፊት በይበልጥ የሚታወቀው በሚያስፈሩና በሚከብዱ ፊልሞች ነበር። ለዚህ ሥራ የተጠቀመበት ዘዴ ላይትሞቲፍ ይባላል። ስሙ ይከብዳል እንጂ ነገሩ ቀላል ነው። ወጥ ቤት ሆናችሁ ቴሌቪዥኑ ሳሎን ውስጥ የዜና መግቢያውን ሙዚቃ ሲያሰማ ሳታዩ «ዜና ጀመረ» ትላላችሁ አይደል? ያ ዜማ ስም ሆኗል ማለት ነው። ላይትሞቲፍ ለአንድ ሰው፣ ለአንድ አገር፣ ለአንድ ሐሳብ እንዲህ ያለ መለያ ዜማ መስጠት ነው። ዘዴውን በኦፔራ ዝነኛ ያደረገው ጀርመናዊው ዋግነር ነው። ሾር በሦስቱ ፊልሞች የተጠቀመባቸው መለያዎች ተቆጥረው ከ80 በላይ ሆነዋል።

ዋናው ጨዋታ ግን ዜማውን መድገም ላይ አይደለም። ዜማው እንደ ባለቤቱ ይታመማል፣ ይድናል፣ ይሰበራል። ቀለበቱን ለማጥፋት የተነሡትን ዘጠኝ ሰዎች ዜማ እንይ። ፍሮዶና ጓደኛው ሳም ከሰፈራቸው ሲወጡ ቁራጩ ብቻ ነው የሚሰማው፣ ለመለየት እንኳ ያስቸግራል። ሰው ሲጨመር ዜማውም ይሞላል። ዘጠኙ ተሟልተው ስማቸው ሲጠራ ኦርኬስትራው በሙሉ ያነሣዋል፤ ተራራውን በሰልፍ ሲያቋርጡ ደረቱን ነፍቶ ይመጣል። ከዚያ ጋንዳልፍ ሞሪያ በሚባለው የከርሰ ምድር ዋሻ ውስጥ ገደል ገባ። ከዚህ በኋላ ዜማው እየተሰባበረ ይሄዳል። ማንም ተመልካች ይህን ቆጥሮ አይደለም የሚያለቅሰው። ጆሮው ግን ጉድለቱን ያውቀዋል።

ክፉው ሳሩማን የሚኖርበት የአይዘንጋርድ ዜማ ደግሞ በአምስት ምት ነው የሚሄደው። እስቲ እየተራመዳችሁ አምስት አምስት ቁጠሩ። ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ። ቀጣዩ «አንድ» በቀኝ እግር ላይ ወደቀ። ከዚያ ደግሞ በግራ። ለሁለት እግር የማይመች ሰልፍ ነው። በላዩ ላይ ብረት ይቀጠቀጥበታል። የፋብሪካ ጭካኔ በድምፅ ቢሠራ ይህን ነው የሚመስለው።

የፈረሰኞቹ አገር ሮሃን የኖርዌዩን የሃርዳንገር ቫዮሊን አገኘች። ይህ መሣሪያ በደጋን ከሚመቱት አውታሮች ሥር ሌሎች አውታሮች አሉት። እነሱን ማንም አይነካቸውም፣ ከላይኞቹ ጋር ራሳቸው ይርገበገባሉ። ማሲንቆ በአንድ አውታር የሚያደርሰንን የሆድ ባርባር ያህል፣ ይኸኛው ነፋስ የሚነፍስበት ሜዳ ላይ ያደርሳል።

ያዙልኝ ያልኳችሁ ነገር እዚህ ጋ ትመጣለች። መዘምራኑ የሚዘምሩት በእንግሊዝኛ ብቻ አይደለም። አብዛኛው የቶልኪን ፈጠራ በሆኑት የኤልፎችና የድንኮች ቋንቋዎች ነው። የሮሃን ደግሞ በጥንታዊው እንግሊዝኛ። ፊልሙን ከሚያየው ሰው ቃሉን የሚያውቅ ከመቶ አንድ አይገኝም። ቢሆንስ? ቅዳሴ በግዕዝ ሲቀደስ ቃል በቃል የማይከታተል ምእመን ቤተ ክርስቲያን መሆኑን ይጠራጠራል እንዴ? ቃሉ ባይገባም ባለቤት ያለው ቃል መሆኑ ይሰማል። ቋንቋውን ለሚያውቁት ጥቂት ወዳጆች ደግሞ ይህ ትልቅ ስጦታ ነበር። ፋራሚርን የነካባቸው ፊልም፣ ቶልኪን ከሁሉ አስቀድሞ የወደደውን ነገር ግን አክብሮ ይዞታል።

ሙዚቃው ከጠቡ የዳነበት ሌላም ምክንያት አለ፣ እሱ ይመስለኛል ዋናው። መጽሐፍ ስናነብ ፊት እንሥላለን። ፊልሙ የራሱን ፊት ሲያመጣ ሁለቱ ይጋጫሉ። ድምፅ ግን ብዙ ጊዜ ባዶ ነው። አንባቢው ስለ አርዌን መልክ ሐሳብ ነበረው፣ ስለ ጎንዶር ዜማ ግን አልነበረውም። ሾር የገባው ማንም ባልተቀመጠበት ወንበር ላይ ነው።

እኛ ይህን ከወጋየሁ ንጋቱ እናውቀዋለን። የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በሬዲዮ ከተረከው በኋላ መጽሐፉን የገለጠ ስንቱ ሰው ነው ጉዱ ካሳን በሱ ድምፅ የሚሰማው። እኔ አንዱ ነኝ። ግን አንዲት ተዋናይት አምጥታችሁ «ሰብለ ወንጌል ይህቺ ናት» በሉኝ እስቲ፣ ወዲያው ነው የምንጣላው።

በእርግጥ ወንበሩ ፈጽሞ ባዶ አልነበረም። መጽሐፉ በግጥምና በዘፈን የተሞላ ነው። ቶልኪን በሕይወት እያለ፣ በ1967፣ ዶናልድ ስዋን የሚባል ሙዚቀኛ ከግጥሞቹ የተወሰኑትን በዜማ አሳትሟል። ለአንዱ የኤልፎች እንጉርጉሮ ዜማውን የሰጠው ቶልኪን ራሱ ነበር፣ የገዳም ዜማ የሚመስል። ስለዚህ ሙዚቃውን የነቀፉት ጥቂቶች የነቀፉት በዚህ በኩል ነው። ኦርኬስትራው ይህን ያህል ሲገን ሆቢቶቹ መንገድ ላይ የሚዘፍኗቸው ዘፈኖች የት ገቡ? አባባላቸው ትክክል ነው። ፊልሙ ጥቂቶቹን ብቻ ነው ያስቀረው።

ካስቀራቸው አንዱን ግን ተመልከቱ። ዴነቶር ማዕድ ላይ ተቀምጧል። የቀረ ልጁን ፋራሚርን ተመልሶ ወደማይመጣበት ጦርነት አሁን ልኮታል። ፒፒንን «ዝፈንልኝ» ይለዋል። ፒፒን ይፈራል፣ ከዚያ በቀጭን ድምፅ ይጀምራል። ዴነቶር ቲማቲሙን ሲነክሰው ቀዩ ፈሳሽ በአገጩ ይወርዳል። ፈረሰኞቹ ወደ ጠላት ይጋልባሉ። የዶሮው አጥንት ሲሰበር ይሰማል።

ቃሎቹ ከመጽሐፉ የመጡ ናቸው፣ ግን ከሌላ ቦታ። መጽሐፉ ውስጥ ገና በመጀመሪያው፣ ሆቢቶቹ በደስታ እየተራመዱ የሚሉት የጉዞ ዘፈን ነው፣ መጨረሻው እራትና መኝታ። ዜማውን የሠራው ፒፒንን የተጫወተው ቢሊ ቦይድ ራሱ ነው። በደንቡ ከሆነ ይህ ትልቅ ወንጀል ነው። ደስታውን ዘፈን ነቅለው ሙሾ አደረጉት። ነገር ግን ከቶልኪን ወዳጆች ብዙዎቹ ከፊልሙ ምርጥ ቦታዎች አንዱ ነው ይሉታል። ለውጡ የመጣው በዜማ ስለሆነ ማለፊያ አገኘ።

አሁን ወደ እሳቶቹ እንመለስ። በዚያ ትዕይንት የሚያድገው የጎንዶር ዜማ ነው። አዲስ ይመስላል፣ አዲስ ግን አይደለም። በመጀመሪያው ፊልም ቦሮሚር በጉባኤው ላይ ስለ አገሩ ሲናገር አንድ ቀንደ መለከት ለብቻው፣ በቀስታ ተጫውቶት ነበር። ያኔ አገሪቱን ያየናት በጨረፍታ ብቻ ነው፣ ከፊታችን ያለው የሚናፍቃት ሰው ነበር። ዜማው ጆሮ ውስጥ ተዘርቶ ሁለት ዓመት ቆየ። ሦስተኛው ፊልም ላይ ነጩ ከተማ ሲገለጥና እሳቶቹ ሲለኮሱ ያ የተዘራው በቀለ። ተመልካቹ በማያውቀው ምክንያት «ይህችን አገር አውቃታለሁ» ይላል። ሰው አገሩ የገባ ሲመስለው ደግሞ ስለ ዴነቶር ጠባይ አይሟገትም።

እኔ የመጀመሪያውን ያየሁት በተገለበጠ ሲዲ ነው፣ ለሦስት ተቆራርጦ። ልብ ስቅል ባለበት ሰዓት ፊልሙ ይቆምና ተነሥቶ ሲዲ መቀየር ነው። ድምፁ ከጆንያ ውስጥ የሚወጣ ይመስል ነበር። እንዲያም ሆኖ የሻየር ዜማ፣ ያ የዋሽንት ነገር፣ በማግስቱ አፌ ላይ ነበር።

ሾር ለመጀመሪያውና ለሦስተኛው ፊልም ሙዚቃ ኦስካር ወሰደ። አኒ ሌኖክስ የዘፈነችው የሦስተኛው መዝጊያ ዘፈንም ሌላ ኦስካር ጨመረ። ታሪኩ ግን እዚህ አላለቀም።

ጃክሰን ከ2012 እስከ 2014 «ዘ ሆቢት»ን አወጣ። አንድ አጭር የልጆች መጽሐፍ ሦስት ፊልም ሆነ። መጽሐፉን እንደ ላስቲክ ሳበው ተብሎ የተባለውን ሁሉም ስላለው ልለፈው። አዲስ የሆነው ቅሬታ የመጣው ከጆሮ ነው። በመጀመሪያው ፊልም መጨረሻ የድንኮቹ አለቃ ቶሪን በሚነድ ጫካ ውስጥ ጠላቱን ሊገጥም ብቻውን ይራመዳል። የጀግና ሰዓት ነው። መዘምራኑ ፈነዱ። ሙዚቃው ግን የናዝጉሎች ነበር! ናዝጉል ማለት በቀለበት ኃይል ነፍሳቸውን ያጡት ጥቁር ለባሽ መናፍስት ናቸው፤ ከአሥር ዓመት ገደማ በፊት በወጣው ፊልም ፍሮዶን ያሳደዱት። የመዝሙሩ ቃላትም ስለነሱ ነው፣ ፈጣሪያቸውን ስለመካድና ጨለማውን ስለማቀፍ። ቃሉ ታትሞ ስለነበር አንብቦ የሚያውቀው ሰው አለ።

አቤት የተነሣው ጥያቄ። ቶሪን ከናዝጉል ጋር ምን አገናኘው? አንዳንዱ ለማስታረቅ ሞከረ፣ የቶሪንን የውስጥ ጨለማ ለማሳየት ነው አለ። ሌላው ስህተት ነው አለ። ልብ በሉ፣ እዚህ መጽሐፉ ተጣሰ የሚል የለም። መጽሐፉ ዜማ የለውም። የተጣሰው ፊልሙ ራሱ ያስተማራቸው ቋንቋ ነው። ለፋራሚር ሲሟገቱ በነበረበት ቁጣ አሁን ለአንድ መለያ ዜማ ተሟገቱ።

እኔን ያበሳጨኝ ግን ሌላ ነው። በዚያው ፊልም መጀመሪያ ድንኮቹ የታሪኩ ዋና ሰው በሆነው በሆቢቱ ቢልቦ ቤት ምድጃው አጠገብ ተሰብስበው ስለጠፋው ተራራቸው ይዘፍናሉ። ቃሉ የቶልኪን ነው። ቶሪን በወፍራም ድምፅ ይጀምራል፣ ሌሎቹ አንድ በአንድ ይገባሉ፣ ቢልቦ ጓዳ ሆኖ ይሰማል። ከዚያ ኦርኬስትራው ዜማውን ተረክቦ የጉዟቸው መለያ አደረገው፣ እስከ ፊልሙ መጨረሻ። የጉባኤው ቀንደ መለከት ትዝ አለኝ። ይህም ዘር ነው አልኩ፣ ተራራው ጋ ሲደርሱ ነው የሚበቅለው። በሁለተኛው ፊልም ተራራው ጋ ደረሱ፣ በሩን ከፈቱ፣ ጆሮዬን አቁሜ ጠበቅሁ። ሦስተኛውንም እንዲሁ። በዚያ ጉልበት ተመልሶ አልመጣም።